የካራማራ ዘማቾች ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድሩ፦ ለድሬዳዋ አስተዳደር የጤና ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደብዳቤ በፕሮቶኮል መጻፍ አልችልበትም፣ እንደመጣልኝ ልጻፈውና ታገሱኝ አቦ። ነገሩ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ካራማራ ስለዘመተው አባቴ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከፋዘር ጋር ፊልም አየን፣ ዘ ዲር ሀንተር ይባላል፣ ፔንሲልቬንያ ብረት ፋብሪካ የሚሰሩ ጓደኛሞች ቬትናም ዘምተው ምን ሆነው እንደተመለሱ ነው የሚያወራው፣ እኔ ዴኒሮ አለበት ብዬ ነው የከፈትኩት እንጂ ሌላ ነገር አስቤ አልነበረም። ያንን ሽጉጥ ውስጥ ጥይት ከተው ጭንቅላታቸው ላይ እየሳቡ በነፍሳቸው የሚቆምሩበትን ነገር ሰው ሁሉ ያወራለታል፣ ፋዘር ግን "ይሄ ተረት ነው" ብሎ ሻዩን ጠጣ (እውነቱን ነው፣ ቬትናም ውስጥ እንደዛ መደረጉ ማስረጃ የለውም ብለው የተቹትም አሉ)። ዝም ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ዴኒሮ የሚሰራው ሰውዬ ከጦርነት ሲመለስ ጓደኞቹ ቤት አስጊጠው እየጠበቁት ከታክሲው ሆኖ ያያቸውና ሾፌሩን ዝም ብለህ ንዳ ይለዋል፣ አልፏቸው ሄዶ ብቻውን ያድራል። አባቴ ሪሞቱን ተቀብሎኝ አጠፋው። "እኔም ያኔ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ቁጭ ብዬ ነው ያመሸሁት፣ የአያትህን እልልታ መስማት አልቻልኩም" አለኝ። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ይሄን ሲነግረኝ የመጀመሪያው ነው።

ፊልሙ የወጣው በፈረንጅ 1978 ነው፣ ካራማራ ድል የተደረገውም የካቲት 26 ቀን 1970 ስለሆነ ያው ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ ማለት ነው። ፒቲኤስዲ (ጦርነትን የመሰለ ከባድ ነገር ያየ ሰው ላይ የሚቀር የአእምሮ ጭንቀት) የሚባለው ስም ራሱ የአሜሪካ ሐኪሞች መመሪያ ላይ የገባው በነሱ 1980 ነው፣ ስለዚህ አባቴ ሲመለስ በሽታው ይሄ ስም እንኳን አልነበረውም።

ድሬ ሙቀቱ ሲጠና ሰው ፍራሽ አውጥቶ ግቢ እንደሚተኛ ታውቃላችሁ። የኛ ፋዘር በር ቀርቅሮ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ላቡ እየተንጠባጠበ ያድራል፣ የባጃጅ ጭስ ማውጫ ጧ ካለ ደግሞ አልጋ ስር ነው። ጤና ጣቢያ ወስጄው ግፊቱን ለኩና የእንቅልፍ ኪኒን ሰጡን፣ "ዘምተህ ታውቃለህ?" ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው የለም፣ እነሱም አልፈርድባቸውም ወረፋው በር ድረስ ነው።

የምለምናችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን አንዲት ክፍል፣ ማዳመጥ የሰለጠነ ባለሙያ፣ አማርኛም ኦሮምኛም ሱማልኛም የሚሰማ። ሱማልኛውን ያለምክንያት አላነሳሁትም፣ የፋዘር የበርጫ ጓደኛ ጎረቤታችን ሱማሌ ናቸው፣ ወንድማቸው እዛው ጦርነት ነው የቀረው፣ ሁለቱ ስለ ኳስ ስለ ጫት ዋጋ ሲያወሩ ይውላሉ፣ ስለዛ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

አባትህ ይመጣል ወይ ካላችሁኝ መጀመሪያ አይመጣም፣ እንደ ፊልሙ ሰውዬ በሩን አልፎ ነው የሚሄደው፣ ሁለት ሦስቴ ካለፈ በኋላ ምናልባት። ብቻ ጠዋት አድርጉት፣ ከሰዓት በርጫ ስለሆነ አንድም ሰው አይመጣላችሁም።