ለደንበኞቻችን፦ ቁልፉን ለምን አነሳን፣ አዲሶቹን ምዕራፎችስ ለምን ለገዛ ሰው ብቻ አደረግን?

ውድ ደንበኞቻችን፣

የጌማችንን የመጨረሻ ማሻሻያ ከለቀቅን ወዲህ የመልእክት ሳጥናችን ፋታ አልሰጠንም። ምስጋና አለበት። አብዛኛው ግን ቁጣ ነው፤ አንዳንዱም ስድብ። «ስግብግቦች» ያለን አለ። «ሌባ የሚሸልም ድርጅት» ያለንም አለ። ሁለቱ ስድቦች አብረው አይሄዱም፤ ስግብግብ ሰው ለሌባ ሽልማት አይሰጥም። ቢሆንም ሁለቱንም አንብቤያለሁ። እውነቱን ለመናገር ሆድ ብሶኛል።

መጀመሪያ የተደረገውን ልንገራችሁ፣ ወሬው ተጣሞ የደረሳችሁ ብዙ ናችሁ። ከጌማችን ላይ የኮፒ መከላከያ ቁልፉን አንስተናል። ከአሁን ወዲያ ጌሙ ሲከፈት ኢንተርኔት አይፈልግም። ኮድ አይጠይቅም። ስንት ኮምፒውተር ላይ እንደጫናችሁትም አይቆጥርም። ከዚህ ጎን ለጎን ሁለት አዳዲስ ምዕራፎች ሠርተናል። እነሱን የሚያገኘው የግዢ ኮዱን በአካውንቱ ያስመዘገበ ሰው ብቻ ነው። የጌሙን ሙዚቃ፣ የሠዓሊያችንን ረቂቆች፣ ከጓደኛ ጋር በኢንተርኔት መጫወቻውንና ለጓደኛ የሚሰጥ የግማሽ ዋጋ ኮድም ያገኛል። ለዚህ ሁሉ ቤሳ ቤስቲን አንጠይቅም።

የመመዝገቢያው ገጽ ተጨናንቆ ለተጉላላችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። አሁን ይሠራል።

ከመልእክቶቹ ሁሉ የቆጠቆጠኝ አንድ አጭር ጥያቄ ነው። «ቁልፉን ካነሳችሁት፣ እኔ ከፍዬ የገዛሁት ፋራ ስለሆንኩ ነው?» ይላል። የላከው ሰው ከመጀመሪያው ጌማችን ጀምሮ የሚገዛን ነው። ስሙን ሳየው አወቅሁት። ሁለተኛው ጌማችን ውስጥ ያለው፣ ሰላምታ ካልሰጡት ሰይፍ የማይሸጠው አንድ ዓይና ቀጥቃጭ የሱ ሐሳብ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ፋራ ከሆነ ድርጅታችን የቆመው በፋራዎች ነው። እና እባክህ፣ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ቁልፉ ማንን ሲይዝ እንደነበር እናውቃለን። የሰበሩትን አልያዘም። ጌሙ በወጣ ብዙም ሳይቆይ ክራኩ፣ ማለትም ቁልፉ የተሰበረበት ቅጂ፣ በየቦታው ተበትኗል። የተያዘው ገዢው ነው። አንድ ደንበኛችን ረጅም መንገድ ላይ ላፕቶፑን ይከፍታል። ጌሙ «ግዢዎን ማረጋገጥ አልቻልንም» ይለዋል። ኢንተርኔት የለም። አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ያንኑ ጌም በክራክ እየተጫወተ ነው። «መንገዱን ሙሉ ሙድ ሲይዝብኝ ነበር» ብሎ ጻፈልን። ምን ብዬ ልመልስለት? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ሌባው ላይ መድረስ ሲያቅተን ደንበኛችንን ስንመታ ቆየን።

ሌላ ነገርም ላሳያችሁ። አንድ ልጅ «አራተኛው ምዕራፍ ላይ ጌሙ እየተዘጋ አስቸገረኝ» ብሎ የስክሪኑን ፎቶ ላከልን። ፎቶው ጥግ ላይ የፎልደሩ ስም ይታያል። ከጌማችን ስም ቀጥሎ የሰበሩት ልጆች የቡድን ስም ተለጥፏል። የሚዘጋው ክራኩ ስለተበላሸ ነው፤ የኛው ቅጂ እዚያ ቦታ ላይ አይዘጋም። ልጁ ግን ለጓደኞቹ «ጌሙ ብልሹ ነው፣ እንዳትገዙ» ብሏቸው ነበር። ይህንን ራሱ ነው የነገረን። በትህትና አስረድቼ መለስኩለት። ዝም አለ።

ይህ በኛ የተጀመረ አይደለም። በፈረንጆቹ 2006 የወጣው ታይታን ክዌስት የሚባለው ጌም ላይም ሆኗል። ሠሪዎቹ ውስጡ የደበቁት መከላከያ የተሰረቀውን ቅጂ እያቋረጠ ይዘጋው ነበር። በነፃ ያወረደው ሰው ይህን ጥበቃ ነው አላለም፣ ጌሙ የተበላሸ ነው ብሎ አስወራ። ሠሪው አይረን ሎር በ2008 በሩን ዘጋ። ለመዘጋቱ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም። ግን ያንን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል።

ትልልቆቹ የጌም ድርጅቶችም ቢሆኑ አልተሳካላቸውም። በዚያው በ2008 ኤሌክትሮኒክ አርትስ ስፖር የሚባለውን ጌም ሲያወጣ ገዢው ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳያስመዘግበው ገደበ። ሰው ተቆጣ። አማዞን ላይ የአንድ ኮከብ ናዳ ወረደበት። ጌሙም በዓመቱ በብዛት ተሰርቀው ከወረዱት ጌሞች አናት ላይ ተቀመጠ። በ2010 ደግሞ ዩቢሶፍት በኮምፒውተር ለሚጫወቱ ደንበኞቹ ኢንተርኔት ሳይቋረጥ መኖር አለበት ብሎ ደነገገ። ሰርቨሮቹ ጥቃት ሲደርስባቸው ከጨዋታ ውጭ የሆነው ገንዘቡን የከፈለው ሰው ነው። እነሱ በዚያ ሁሉ አቅም ያልቻሉትን እኛ በጥቂት ሰው እንችለዋለን ማለት ራስን መሸወድ ነው። መከላከያው ደግሞ በነፃ አይመጣም። ፈቃዱ ይታደሳል፣ ይከፈልበታል። ከሰርቨር ኪራይ፣ ከትርጉምና ከድምፅ ቀረጻ ጋር ሲደመር የአንድ ባለሙያ ደመወዝ ይበላል። የጌም መደብሮቹ ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚወስዱት ድርሻ በተለምዶ 30 በመቶ ነው። ታክሱም አለ። እኔ ጋ የሚደርሰው ስንት እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

ስለዚህ ያንን ገንዘብ አዞርነው። ሌባውን ለማሳደድ ይወጣ የነበረው አሁን ሁለቱን ምዕራፎች ሠርቷል። ውሳኔው ይኸው ነው።

ሐሳቡን እኛ አልፈጠርነውም። እንዲያውም የቆየ ነው። ኢንፎኮም የሚባል ድርጅት በ1982 ዴድላይን የተባለ የወንጀል ምርመራ ጌም ሲያወጣ፣ በሣጥኑ ውስጥ የፖሊስ ቃለ ምርመራ፣ የላቦራቶሪ ውጤትና በትንሽ ከረጢት የታሸገ ክኒን ጭምር አስቀመጠ። መጀመሪያ ያደረገው ጽሑፉ ሁሉ በዚያን ጊዜ ዲስክ ላይ አልበቃ ስላለው ነው። በኋላ ግን ለሌባ እንደማይመች ታወቀ። ዲስኩን መገልበጥ ቀላል ነው፤ ክኒኑን ማን ይገለብጠዋል? ሣጥኑን የገዛ ሰው፣ ኮፒ የያዘው ሰው ጋ የሌለ ነገር በእጁ አለ። እኔ ይህን ሳነብ ነው ነገሩ የበራልኝ።

ከሁሉ የሚቀርበን ግን ስታርዶክ የሚባለው የጌም አሳታሚ መንገድ ነው። በ2008 ሲንስ ኦፍ ኤ ሶላር ኢምፓየር የተባለውን የጠፈር ጌም አሳተመ። ዲስኩ ላይ ምንም ቁልፍ የለም። የፈለገ ይገልብጠው። ማሻሻያ የሚደርሰው ግን ኮዱን ላስመዘገበ ሰው ነው። በዓመቱ 500,000 ያህል ቅጂ ተሸጠ። የሰረቀው ሰው የመጀመሪያው ቀን ጌም ላይ ተቸክሎ ቀረ፤ የከፈለው በየጊዜው አዲስ ነገር ይደርሰዋል። ሲዲ ፕሮጀክት የሚባለው ድርጅትም በ2015 ዊቸር 3 የተባለውን ጌም ሲያወጣ ለገዙት ሁሉ 16 ተጨማሪ ነገሮችን በነፃ ሰጠ። በዚያን ጊዜ የራሱ በነበረው የጌም መደብር በጎግ የሸጠው ቅጂ ጭራሽ ቁልፍ የለውም። ይኸው ድርጅት ከዚያ በፊት፣ ጌም ሰረቁ ላላቸው ሰዎች በጠበቃ ደብዳቤ ያስልክ ነበር። ሰው ተቃወመ፤ በ2012 መጀመሪያ ተወው። «ለምን አትከሷቸውም?» ያላችሁን ይህን አስቡልን። የጠበቃ ገንዘብ የለንም። ቢኖረንም ለሦስተኛ አዲስ ምዕራፍ ነው የማደርገው።

«በነፃ የሚወስደው መቼም አይቀርም» ላላችሁ፣ አዎ፣ አይቀርም። ስቲም የሚባለው የጌም መደብር ባለቤት የሆነው የቫልቭ መሪ ጌብ ኒውዌል በ2011 የስርቆቱ ችግር በአብዛኛው የዋጋ ሳይሆን የአገልግሎት ነው ብለው ነበር። ብዙውን እስማማለሁ። መግዛት ፈልጎ ካርዱ የማይሠራለት ሰው አውቃለሁ። ሁሉንም ግን አልቀበልም። በ2010 ሃምብል ኢንዲ በንድል የሚባለው ሽያጭ የጌም ጥቅል አቅርቦ ገዢው ራሱ ዋጋውን እንዲወስን አደረገ፤ አንድ ሳንቲምም ይበቃል ተባለ። አዘጋጆቹ እንደገመቱት ያኔም ሩብ ያህሉ ሳይከፈልበት ነው የወረደው። በ2013 ደግሞ ግሪንሃርት ጌምስ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ጌም ዴቭ ታይኩን የተባለውን ጌማቸውን ራሳቸው ክራክ አስመስለው በተኑት። በመጀመሪያው ቀን ከተጫወቱት 93.6 በመቶው የያዙት ያንን ቅጂ ነበር። በውስጡ ተጫዋቹ የሚያቋቁመው የጌም ድርጅት በስርቆት ምክንያት ይከስራል። ከዚያ ያንን ቅጂ በነፃ ያወረዱት ሰዎች «ጌሜን እየሰረቁብኝ ከሰርኩ፣ ምን ላድርግ?» ብለው እርዳታ ጠየቁ። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር እስቃለሁ። ቀጥሎ ግን አላስቅ ይለኛል።

እንዲህ ያለውን ሰው አልቀይረውም። ጊዜዬንም አልሰጠውም። ጊዜዬ የእናንተ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ቅሬታ ልምጣ። ያገለገለ ዲስክ ከሌላ ሰው የገዛችሁ ተቆጥታችኋል። «ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2010 ያመጣውን የኦንላይን ፓስ ነገር ልታመጡብን ነው» ያላችሁን አልረሳሁም። ያ አሠራር ያገለገለ ጌም የገዛ ሰው ጌሙ ውስጥ ያለውን የኢንተርኔት ጨዋታ ለማግኘት እንደገና እንዲከፍል ያደርግ ነበር። በ2013 ድርጅቱ ራሱ አስቀረው። የኛ እንዲያ አይደለም። ስትገዙት የነበረው ሁሉ እንዳለ ነው። አንዲት ደረጃ አልቀነስንም፣ አንዲት በር አልዘጋንም። የጨመርነውን ነው የለየነው። ያም ሆኖ ያገለገለ ዲስክ በእጁ ያለ ሰው ደንበኛችን ነው። ዲስኩን፣ አጠገቡም ስማችሁን በእጅ የጻፋችሁበትን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን። እናስመዘግባችኋለን።

ኮድ ከማይታወቅ ሻጭ በርካሽ የገዛችሁን ግን ልረዳችሁ አልችልም። ቀዝቃዛ መልስ እንደሆነ ይገባኛል። ከነዚያ ኮዶች ብዙዎቹ የተገዙት በተሰረቀ የባንክ ካርድ ነው። የካርዱ ባለቤት ሲያመለክት ባንኩ ገንዘቡን ከኛ ይመልሳል፣ ቅጣትም ይጨምርብናል። ስለዚህ እንደዚያ ያለ ኮድ በተሸጠ ቁጥር እኛ ነን የምንከፍለው። ክራክ ያወረደው ሰው ይሻለናል፤ እሱ ቢያንስ ኪሳችን አይገባም። የገዛችሁት ሰው ገንዘባችሁን እንዲመልስ ጠይቁት።

ምዝገባው ያስፈራችሁም አላችሁ። የምንጠይቀው ኢሜይልና ኮድ ነው። ስልክ አንጠይቅም፣ የልደት ቀን አንጠይቅም። ምዕራፎቹን አንዴ ካወረዳችሁ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። አካውንቱን ብታጠፉትም የወረደው የእናንተ ነው። ይህን ያደረግነው ነገ ድርጅታችን ባይኖር እንኳ ጌማችሁ እንዲኖር ነው። እንዲህ ብዬ ስጽፍ ደስ አይለኝም፤ ግን የዚህ ሥራ ሰው ሁሉ ያስበዋል።

ይህንን ድርጅት ስጀምር ቀን ተቀጥሬ እየሠራሁ ሌሊት ነበር የምጽፈው። የመጀመሪያውን ጌም ዲስኮች አንድ በአንድ የገለበጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ሽፋኑን በመቀስ የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። አንዳንዱ ሽፋን ተንጋዷል። እስካሁን ያንን የተንጋደደ ሽፋን ያስቀመጣችሁ እንዳላችሁ ፎቶ ስለላካችሁልኝ አውቃለሁ። ያኔ የስህተት ዝርዝር በረጅሙ ጽፋችሁ ትልኩልኝ ነበር። ሠራተኛ ሳይኖረኝ እናንተ ነበራችሁ። ከአዲሶቹ ምዕራፎች በአንደኛው የገበያ ቦታ አለ። እዚያ የቆሙት ነጋዴዎች ስም የመጣው ከነዚያ ደብዳቤዎች ነው፤ ፈቃዳችሁን ጠይቀን። የከፈለ ሰው የራሱን ስም እዚያ ሲያገኝ ምን እንደሚል ለማየት ጓጉቼ ነበር። በምትኩ «ስግብግብ» የሚል መጣ። ይሁን።

ገንዘቤን መልሱልኝ ያላችሁን እንመልሳለን። አንከራከርም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት አዲሱን ምዕራፍ አንድ ምሽት ሞክሩት። ካልወደዳችሁት ያኔም እንመልሳለን።

ኮዱ የጠፋባችሁ የግዢ ደረሰኛችሁን ወይም የገዛችሁበትን ኢሜይል ላኩ። ደረሰኙም ከሌለ በየትኛው ዓመት፣ ከየት እንደገዛችሁ ጻፉልን፤ ከመዝገባችን እንፈልጋለን። የምመልሰው እኔው ራሴ ስለሆንኩ ሁለት ሦስት ቀን ታገሡኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ መሥራችና ባለቤት