ሽማግሌ ስንልክ ቀኑ አለፈ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሰበር ውሳኔዎች፣ ማለትም የሕግ ስህተት የሚያርመው የመጨረሻው ችሎት ስለሚሰጣቸው ውሳኔዎች፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር ቡና እየጠጣሁ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን ለጠበቃ እንጂ ለሠራተኛ አልተጻፈም።

የአክስቴ ልጅ ቡና መጋዘን ውስጥ ተሸካሚ ነበር። አንድ ማታ በር ላይ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ተባለ። ወረቀት የለ፣ ምክንያት የለ። ሽማግሌ ላክን። አሠሪው ቡና እያስፈላ «እስቲ እናያለን» ሲላቸው አራት ወር ሞላ። ፍርድ ቤት ስንሄድ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄው በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው ቀን ስላለፈ፣ ታግዷል ተባልን። እሱ እኮ ይርጋ የሰው ስም ነበር የሚመስለው!

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሕግ ውጭ የተባረረ ሰው ልመለስ ብሎ የሚከሰው በ3 ወር ውስጥ ነው። ሽማግሌ መላክ ብቻውን ቀኑን አያቆመውም። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ 6 ወር አለው፤ እሷ እንኳ ተርፋልናለች። የዳኝነት ክፍያም አይጠየቅም። ይህን የነገረን ማመልከቻ ጸሐፊው ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ሰበር የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ሁሉ ያስገድዳል። አዲስ አበባ የተወሰነው የጅማን ተሸካሚም ይነካዋል ማለት ነው። ታዲያ ውሳኔዎቹ የታተሙበትን ያንን ወፍራም መጽሐፍ ማን ያነብለታል?

እባካችሁ በየሳምንቱ አንድ ውሳኔ በአሥር መስመር አውጡልን። ቀነ ገደቡን በደማቅ ጻፉት። በአፋን ኦሮሞም ቢወጣ እኔው ራሴ መጋዘኑ በር ላይ እለጥፈዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ