ማስታወቂያውን በድምፅም ላኩልን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን የምጽፈው በጎረቤቴ ላይ የደረሰውን አይቼ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው። ስማቸውን ትቼ እንድጽፈው እሳቸውም ፈቅደውልኛል።

ጎረቤቴ እዚህ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲሸጡ የኖሩ እናት ናቸው። ልጃቸው ዓረብ አገር ስለሆነች ኬጂ የሚማረውን የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። ማንበብ አልተማሩም፤ ስልክ ግን ከእኔ ይልቅ ያውቁበታል። ሰውን በፎቶው ይለያሉ። የማይኳን ምልክት በአውራ ጣታቸው ተጭነው ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ይናገራሉ፤ ጣታቸውን ሲያነሡ መልእክቱ ሄደ ማለት ነው። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው የልጃቸውን ድምፅ ደጋግመው ያዳምጣሉ። አንዳንዱን እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ።

እኚህ ሴት ባለፈው ሰኞ ልጁን አጥበው፣ ዩኒፎርሙን አልብሰው፣ ምሳውን ቋጥረው ትምህርት ቤት ቢደርሱ በሩ ዝግ ነው። ዘበኛው «በቴሌግራም ተለቋል እኮ፣ እማማ» አላቸው። እውነቱን ነው፤ ዓርብ ማታ አንድ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ተለቋል። ስልካቸው ላይም ደርሷል። «አቦ፣ መልእክቱንማ አየሁት። የወር ክፍያ መስሎኝ» አሉኝ። በዚያ ሙቀት ልጁን አዝለው ተመለሱ። እኔን ያንገበገበኝ ግን ድካማቸው ሳይሆን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረጋቸው ነው፤ ጥፋቱ የእሳቸው ይመስል።

ስልክ ወደ አገራችን ሲገባ እኮ ፊደል የቆጠረውንና ያልቆጠረውን አይለይም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1894 ሥራው የተጀመረው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር ከዚሁ ከጎረቤታችን ከሐረር ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው ድምፅ ለማድረስ ነው። በእኛም ጊዜ ቴሌ ሄደን ቁጥር አስመዝግበን ተራ እንጠብቅ ነበር። ቤቱ ስልክ ያለው ጎረቤትም «ተደውሎልሃል፣ ቶሎ ና» ብሎ ልጅ ይልክብን ነበር። ማንም ይሁን ማን፣ «ሃሎ» ማለት ከቻለ ይበቃዋል። ሞባይሉ መጣ፣ መጻጻፉም ተከተለ። አሁን ደግሞ ሰው ወደ ድምፁ ተመልሷል፤ የባጃጅ ሾፌሩም፣ ጫት ነጋዴዋም ቀርጸው ይልካሉ። ትምህርት ቤቱና መሥሪያ ቤቱ ግን እዚያው ጽሑፉ ላይ ቀሩ።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶችን፣ ጤና ጣቢያዎችን፣ ቀበሌዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከጽሑፉ ሥር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ድምፅ ጨምሩበት። ጽሑፉ ይቅር አላልኩም፤ ለማስረጃም ሆነ መስማት ለተሳናቸው የግድ ያስፈልጋል። ድሬ ላይ እነዚህን ቋንቋዎች የሚናገር ሠራተኛ አይጠፋም። የአንድ ደቂቃ ድምፅም ብዙ ዳታ አይበላም። ብቻ ስትቀርጹ ቀኑንና ጉዳዩን አስቀድሙ፤ አደራ፣ ሰላምታው ይቆይ።

ለጊዜው ማስታወቂያ ሲመጣ እኔ አንብቤ በድምፄ እልክላቸዋለሁ። ትናንት ማታ የፈተናውን ቀን ነገርኳቸው፤ «ሰማሁ ልጄ፣ ተባረክ» ብለው መለሱልኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከዚያው ሰፈር ሦስት እናቶች በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝና «ለእኛም ላክልን» አሉኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ