የጄራኒየም ቁራጭ ለምን ይጠቁራል?

ውድ አባላት፣

ክረምቱ ስለወጣ ጄራኒየም ቆርጠን የምናባዛበት ጊዜ ደርሷል። በብዛት የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ የተተከለው ቁራጭ ከሥሩ ጠቁሮ፣ ለስልሶ ይወድቃል። ጥፋተኛው ፒቲየም የሚባል ተህዋስ ነው፤ አፈሩ ሲረጥብና አየር ሲያጣ በቁስሉ በኩል ይገባል።

አበባ ካልያዘ ጤነኛ ቅርንጫፍ ጫፉን ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ለኩና ልክ ከአንጓው በታች፣ በአልኮል በተጠረገ ምላጭ ቁረጡ። የላይኞቹን 2 ወይም 3 ቅጠሎች ትታችሁ የታችኞቹን ቀንጥሱ፤ እንቡጥ ካለም እንዲሁ። ከዚያ አትቸኩሉ። ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ ጥቂት ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሌሊት ይቆይ። በጣት ሲነካ ካላረጠበ በቂ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ የሚከስረውም እዚሁ ላይ ነው።

ለመትከያ ግማሽ የወንዝ አሸዋ፣ ግማሽ የተነፋ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ጥቁር አፈር ብቻውን አይሆንም፤ ውሃ ይቋጥራል። ከታች የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጥ ለዕቃነት ይበቃል፣ ገንዘብ አታውጡ። 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገብታችሁ አንዴ አጠጡና ላዩ እስኪደርቅ ተዉት። በፕላስቲክ መሸፈን ለጽጌረዳ ይጠቅማል፤ ለጄራኒየም ግን መበስበስን መጋበዝ ነው።

ሥር ለማውጣት ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። እየነቀላችሁ አትዩ፤ በቀስታ ሳብ ስታደርጉት ከያዘ ሥር አውጥቷል። የጠቆረውን ከነአፈሩ ጣሉት፣ ዕቃውንም በበረኪና እጠቡ።