«ስንት ዋት ነው?»፦ የድምፅና ኤሌክትሮኒክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዓመቱን የጀመረው በአንድ ጥያቄ ነው። መደርደሪያ ላይ ለሚቀመጡ ትንንሽ ስፒከሮች ስንት ዋት አምፕሊፋየር (ለስፒከር ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ይበቃል? ቀላል ይመስላል። አባላቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ሲከራከሩበት ከረሙ።

ለሙከራ የያዝነው ሁለት ጥንድ ስፒከር ነበር። የአንዱ መግለጫ 85 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ)፣ የሌላው 88 ዴሲቤል ይላል። የልጆቹ ዓይን ወዲያው የሄደው ወደ ዋቱ ነው። እኔ ደግሞ ዴሲቤሉን አስከበብኳቸው። ይህ ቁጥር ስፒከሩ አንድ ዋት ያህል ሲሰጠው፣ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ምን ያህል እንደሚጮህ ይነግረናል። በእኔ እምነት ከዋቱ በፊት መታየት ያለበት እሱ ነው።

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ሄድን። ድምፁ 3 ዴሲቤል እንዲጨምር ኃይሉ እጥፍ መሆን አለበት። ባለ 85ቱ በ1 ዋት 85፣ በ2 ዋት 88፣ በ4 ዋት 91 እያለ ይወጣል። 103 ለመድረስ 64 ዋት ይፈልጋል። ባለ 88ቱ እዚያው የሚደርሰው በ32 ዋት ነው። ጠመኔውን የያዘችው ልጅ ዞር ብላ «ታዲያ ከ50 ወደ 100 ዋት ብንሄድ የምናገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው?» አለች። አዎ፣ ያችው ናት። ጆሯችን «እጥፍ ጮኸ» የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ነው። ለዚያ ደግሞ አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ከዚያ ቀን ወዲህ በዋት ብዛት የሚፎክር አባል አልገጠመኝም።

የኦም፣ ማለትም ስፒከሩ ኤሌክትሪክን የሚገታበት መጠን፣ ነገር ሌላ ክርክር አስነሳ። «8 ኦም» የተጻፈበትን ስፒከር በመልቲሜትር ሲለኩት 6 አካባቢ አነበበ። «ተሸወድን!» አሉ። አልተሸወዱም። መልቲሜትሩ የሚለካው በዲሲ፣ አቅጣጫውን በማይቀያይር ኤሌክትሪክ፣ ነው። ሙዚቃ ሲያልፍበት ግን የስፒከሩ ኦም ድምፁ ሲወፍርና ሲቀጥን ይወጣል፣ ይወርዳል። 8 የሚለው ጠቅላላ ስያሜ ነው። ኦሙ ሲወርድ ከአምፕሊፋየሩ የሚሳበው ከረንት ይጨምራል። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ስንት ኦም ድረስ እንደሚችል ሳያዩ ባለ 4 ኦም ስፒከር ማሰር አይገባም። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በትይዩ ሲታሰሩም 4 ኦም ይሆናሉ።

አንድ ቀን የአንዱን ስፒከር ቀይና ጥቁር ሽቦ ሆን ብለን አገላበጥን። ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ሟሸሸ። መሀል ላይ ይሰማ የነበረው የዘፋኙ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ጠፋ። መልሰን ስናስተካክለው የልጆቹን ፊት ማየት ነበር!

ትንሽ አምፕሊፋየር ስፒከር አያቃጥልም የሚል እምነት ነበራቸው። ያቃጥላል። ከአቅሙ በላይ ሲጨመር የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል። በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው ትርፍ ቀጭን ድምፅ ቱዊተሩ (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል) ላይ ያርፋል።

ሁለተኛውን መንፈቅ ለፊልም ሰጠነው። የሲኒማ ደረጃ ተቀማጩ ጋ እስከ 105 ዴሲቤል የሚደርስ ቅጽበታዊ ድምፅ ይጠብቃል። ድምፁ በርቀት መቀነሱ ሲጨመርበት ትንንሾቹ ስፒከሮች ብቻቸውን አይችሉትም። መፍትሔው ሰብዉፈር፣ ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር፣ ነው። ሪሲቨሩ (ድምፁን ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለው አምፕሊፋየር) ላይ ቤዙን ከሌላው ድምፅ የሚለየውን ነጥብ 80 ኸርዝ አደረግነው፤ ከዚያ በታች ያለው ከባድ ሥራ ወደ ሰብዉፈሩ ሄደ። ትንንሾቹ ወዲያው ቀለል አላቸው፤ ንግግሩም ጠራ። የሪሲቨር ዋት ሲነበብም ሁለት ቻናል (የስፒከር መስመር) ብቻ ሲሠራ ነው ወይስ ሁሉም አንድ ላይ ብሎ መጠየቅ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ለሙዚቃ ብቻ ከሆነ ምክሬ አንድ ጥሩ ጥንድ ስፒከርና ንጹሕ ባለ ሁለት ቻናል አምፕሊፋየር ነው። ከክበቡ ግማሹ ከእኔ ጋር አይስማማም።

ስፒከሩን ወደ ግድግዳ ማስጠጋት ቤዙን እንደሚያበዛው በጆሯችን ሰምተናል፤ በልኬት ግን ሰንጠረዥ አላወጣንለትም። የመጪው ዓመት የመጀመሪያ ሥራ እሱ ነው። ሜትር ይዞ መለካት የማይሰለቸው ተማሪ ይመዝገብ።