የቼዝ ክበብ፦ የአምስተኛዋ እርምጃ ዓመት

መስከረም ላይ ስንጀምር አራት ቦርድ ብቻ ነበረን። የጎደሉትን ወታደሮች በቆርኪ ተካናቸው። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ እንገናኛለን፤ ክፍሉ ሲሞቅ ወደ ዛፉ ጥላ እንወጣለን። እኔ ግን የምነግራችሁ ስለ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪያችን ሁለት ጨዋታዎች ነው።

ኅዳር ላይ እዚሁ ባሕር ዳር ከሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ተጋጠምን። ጥቁሮቹ ጠጠሮች ደረሷት። ተጋጣሚዋ በጣሊያን መክፈቻ ጀመረ፤ ወታደር፣ ፈረስ፣ ከዚያ በሰያፍ የሚሄደው ቢሾፕ። እሷም ሁለቱን ፈረሶቿን አወጣች። በአራተኛው እርምጃ የነጩ ፈረስ ጂ5 ላይ (የቦርዱ ቤቶች በፊደልና በቁጥር ነው የሚጠሩት) ዘለለና ከቢሾፑ ጋር ኤፍ7 ላይ አነጣጠረ። እዚያ ያለችውን ወታደር የሚጠብቃት ንጉሡ ብቻ ነው። ልጃችን ወታደሯን ዲ5 ላይ አውጥታ የቢሾፑን መንገድ ዘጋች፣ ጎበዝ። ነጩ በላት። እሷም ወዲያው በአምስተኛዋ እርምጃ በፈረሷ መልሳ በላች፤ ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው። ፈረሱ ኤፍ7 ገባ፣ ንጉሡ በላው፣ የነጩ ንግሥት ኤፍ3 ላይ ወጥታ ንጉሡን ቼክ አለች፣ ንጉሡም የእሷን ፈረስ ላለማስበላት ወደ ቦርዱ መሀል ወጣ። ይህ ጥቃት የተጠበሰ ጉበት ይባላል፤ በጣሊያን ከታወቀ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል። ተሸነፈች፣ አለቀሰችም።

በሚቀጥለው ዓርብ ስለ አያቶቻችን ቼዝ፣ ስለ ሰንጠረዥ አወራን። መክፈቻው ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ፤ ጥሩ ተጫዋች ግን እጁ እየሮጠ እንኳ ዓይኑ ከሌላው አሰላለፍ አይነቀልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክበባችን "ምን ፈልጎ ነው?" ሳይባል ጠጠር አይነካም።

ግንቦት ላይ ያው መክፈቻ መጣባት፣ ያቺው አምስተኛ እርምጃ። እጇን ከጠረጴዛው ሥር አድርጋ ረጅም ጊዜ አሰበች። ከዚያ ፈረሷን ኤ5 ላይ አስቀምጣ ቢሾፑን አባረረች። ፈረስ ጠርዝ ላይ አይመችም ብዬ ያስተማርኳት እኔው ነኝ፤ እዚህ ግን ትክክለኛው እሱ ነው። አንድ ወታደር ከፈለች፤ የነጩ ጠጠሮች ወደ ኋላ ሲሸሹ የእሷ አንድ በአንድ ወጡ። አቻ ተለያዩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሲያልቅ ሁለቱ ቦርዱን ይዘው ጣና ዳር ተቀመጡና ከአምስተኛዋ እርምጃ እንደገና ጀመሩ። ባጃጁ ቆሞ እየጠበቀን ሦስት ጊዜ ጠራኋት።