ክረምቱ ሳይገባ ለጋሼ ወርክሾፕ ጣሪያ እናቁም

ጉለሌ፣ ከእድራችን ዕቃ ቤት ጀርባ፣ በሸራ በተከለለች ጠባብ ቦታ ጠዋት ጠዋት የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ምስማር የሚመታ እንዳይመስላችሁ፤ የተጣመመ ምስማር የሚያቃና ነው። የሰፈራችን እንጨት ቀራጭ ጋሼ ከአሮጌ ጣውላ ላይ በጉጠት የነቀሉትን ምስማር በድንጋይ ላይ እያገላበጡ ቀስ አድርገው ይቀጠቅጡታል። የተቃናው ወደ አንድ የወተት ጣሳ ይገባል፤ አልቃና ያለው ወደ ሌላው። «ይኼኛውን ለምን አይጥሉትም?» ብላቸው «እሱማ ፀጉር ነው» አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ከሳምንት በኋላ ነው፤ በጽድ ጣውላ ላይ የተቀረጸ የአንዲት አሮጊት ፊት አሳዩኝ። ጥምዝምዝ ፀጉሯ በሙሉ የዛገ ምስማር ነበር።

ይህን የምጽፈው ገንዘብ ልጠይቃችሁ ነው፤ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ገንዘቡ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ግን ስለ እንጨት ትንሽ ማውራት ይኖርብኛል።

ጋሼ የአናጺነት ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ለዓመታት በግንባታ ቦታ የቀን ሠራተኛ ነበሩ፤ ካሳፎርማ፣ ማለትም ኮንክሪት የሚሞላበት የጣውላ ቅርጽ፣ ሲፈታ የሚጣለውን ቁርጥራጭ እየሰበሰቡ ማታ ማታ በመሮ መፈልፈል ጀመሩ። ብረቱን ከቁራሌዎችና ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ያመጣሉ። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የመኪና ባሌስትራ መጥረቢያ፣ በርሜል ምድጃ፣ ጎማ በረባሶ የሚሆንበት ሰፈር ነው። ኤልያስ ስሜ ከዚያው ከመርካቶ የኮምፒውተር ሽቦና ቁርጥራጭ እየሰበሰበ ዓለም ያወቀው ሠዓሊ ሆኗል፤ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተውን ዞማ ሙዚየምንም ከመስከረም አሰግድ ጋር አቁሟል። እሱ ግን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ምሩቅ ነው። የእኛን ጋሼ ያስተማራቸው የተበላሸባቸው ሥራ ነው።

አንዱን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራቸው ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች የሚያሳይ ነበር። መደቡ ከፈረሰ ቤት የተገኘ የዋንዛ በር፣ ሸክማቸው የፌሮ ቁርጥራጭ፣ ነጠላቸው ላሜራ። ላሜራውን በነሐሴ በብሎን ጥብቅ አድርገው አሰሩት። ታኅሣሥ ላይ አንድ ሌሊት ጥይት የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ከእንቅልፋቸው ቀሰቀሳቸው፤ በሩ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ወደ ጎን ይሰፋል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ብረት ለእርጥበቱ ደንታ የለውም። ሁለቱ ጥብቅ ተደርገው ሲታሰሩ የሚሸነፈው እንጨቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ጋሼ የብሎኑን ቀዳዳ ክብ አያደርጉትም፤ እንጨቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ሞላላ አድርገው ይበሱታል፣ ብሎኑ እንዲንሸራተት። ይህን ከመጽሐፍ የሚያውቅ ይኖራል፤ እሳቸው አንድ በር ከፍለውበታል። በሩንም አልጣሉትም። ስንጥቁን በመዳብ ሽቦ ሰፍተውት ዛሬ በእድራችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ከነስፌቱ ይበልጥ እወደዋለሁ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ጽድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሏል፤ ይገባልም። እነዚህ እንጨቶች ግን በአያቶቻችን ቤት በሮች፣ ደረጃዎችና ሰቀሰቅ መስኮቶች ውስጥ አሉ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ስንቱ በር ተፈልጦ ማገዶ ሲሆን አይቻለሁ፤ ያንገበግባል። ጋሼ ከዚያ ያተረፉት ክምር ዛሬ በሸራ ሥር ነው። መላጊያ ሲያርፍበት የጽዱ ሽታ ገና ትናንት የተቆረጠ ያስመስለዋል። ባለፈው ክረምት ግን ሸራው ተቀዶ ዝናብ ገባና ከታች ያለው ረድፍ ሻገተ።

ታዲያ አሁን አምስት የሰፈራችን ወጣቶች ከጋሼ ጋር ይሠራሉ፤ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። እዚህ ላይ ነው የምጨነቀው። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያስይዛል፤ አንደኛው ልጅ ወባ ያዘኝ ብሎ ሁለት ቀን ተኝቷል። የአሮጌ በር ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ ፍቆ ብናኙን መተንፈስ አደገኛ ነው። በጣውላ ውስጥ ተቀብሮ የቀረ ምስማርም የኤሌክትሪክ መጋዝ ሲያገኘው ምን እንደሚያደርግ የጋሼን የግራ እጅ አመልካች ጣት ማየት ይበቃል። የተቀበረ ምስማር ፈልጎ የሚያገኝ መሣሪያ ሳይኖረን ጋሼ ልጆቹ መጋዝ እንዲነኩ አይፈቅዱም።

እድሩ ከዕቃ ቤቱ አጠገብ ያለውን ቦታ ፈቅዷል። ጋሼ ለዓመታት አግዳሚ ወንበሮቻችንን ሳያስከፍሉ ሲጠግኑ ስለኖሩ በስብሰባው ላይ የተቃወመ አልነበረም። የሚቀረን ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ጭስና ብናኝ የሚያስወጣ ማራገቢያ፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው የኤሌክትሪክ መስመር፣ እንዲሁም ጭምብልና የዓይን መከላከያ ነው። የሠራነው ሒሳብ 420 ሺህ ብር ደርሷል፤ 135 ሺሁን እኛው አዋጥተናል። የሃምሳ ሎሚውን ተረት ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም።

ከሰፈሩ ወጥታችሁ በውጭ አገር ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ያገለገለ መሣሪያ ለመላክ የምታስቡ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ ነገር ግን የአሜሪካው በ120 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ የእኛ 220 ቮልት ያቃጥለዋል። በዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ገንዘቡን፣ በዱባይ፣ በእስራኤልና በአውሮፓ ያላችሁ ደግሞ መሣሪያውን ብትልኩ ይሻላል። መሮ፣ መላጊያና የእጅ መጋዝ ከየትም ቢመጣ እጃችንን ዘርግተን እንቀበላለን።

ገንዘቡ የሚገባው በእድሩ ስም በተከፈተ ሒሳብ ነው፤ ያለ ሦስት ሰዎች ፊርማ አይወጣም፣ ጋሼም ከፈራሚዎቹ ውስጥ አይደሉም። አልፈልግም ያሉት ራሳቸው ናቸው። ደረሰኞቹ በየወሩ መጨረሻ በእድሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ በውጭ ላላችሁ ፎቶግራፉ በቤተሰቦቻችሁ በኩል ይደርሳችኋል። ቆርቆሮው እስከ ግንቦት መጨረሻ መመታት አለበት፤ ከሰኔ በኋላ ዝናቡ ወለሉን አያሠራንም።

እድር ቤቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው። አሮጌ በር ወይም መስኮት ያላችሁም ይዛችሁ ኑ፤ ምስማሩን ግን እንዳትነቅሉት፣ ጋሼ ይፈልጉታል።